የዊም ባለሁለት ፊት ሰዓት

ሾላ ገበያ የታክሲ ሰልፍ ላይ የሚያውቁኝ ሰዎች ይስቁብኛል። ሰልፉ ትንሽ ቀጥ ሲል እግሬ መሬቱን መደብደብ ይጀምራል። ቦርሳዬን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ አዛውራለሁ። በመጨረሻ «በሉ ደህና ዋሉ» ብዬ በእግሬ ወደ ቀበና እወርዳለሁ። የሰው ተራ ወስጄ አላውቅም፤ ይሄ ይያዝልኝ። ቆሞ መጠበቅ ግን አልችልበትም። ልጆቼ «እማዬ፣ ወንበርሽ ላይ እሾህ አለ እንዴ?» ይሉኛል።

እንዲህ ሆኜ አልተወለድኩም። እንዲያውም በልጅነቴ ከሰፈሩ ሁሉ የረጋሁት እኔ ነበርኩ። «አስቴርን አንድ ቦታ አስቀምጠሽ ብትረሻት፣ ስትመለሺ እዚያው ታገኛታለሽ» እያሉ ጎረቤቶች እናቴን ያመሰግኗት ነበር። ያቺን የረጋች ልጅ የወሰዳት አንድ እሁድ ነው። በደርግ ዘመን የነበረ አንድ እሁድ፣ ዊም ከሚባል የሆላንድ ልጅ ጋር። ታሪኩን ለብዙ ሰው አውርቼዋለሁ፤ ቁጭ ብዬ ስጽፈው ግን የመጀመሪያዬ ነው፤ ምክንያቱም መጻፍም መቀመጥ ይፈልጋል።

ያን ጊዜ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ቤት ውዬ ነበር። ነርስነት ለመማር ፈተናውን አልፌአለሁ፤ የቀረኝ የቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ ብቻ ነው። አባቴ ቀበና ወንዝ ዳር ያለች የአንዲት ትንሽ ጸሎት ቤት አገልጋይ ነበር። «ጴንጤዎች» ተብለን ጸሎት ቤቷ ከታሸገች ወዲህ፣ የእኔም ደብዳቤ አብሯት የታሸገ ይመስል አልወጣ አለ። በየሳምንቱ ቀበሌ እሄዳለሁ። ሊቀመንበሩ ጓድ መርሻ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ተራሽን ጠብቂ» ይለኛል። አግዳሚው ላይ እቀመጣለሁ፤ ቢሮው ሲዘጋ ተነሥቼ ቤቴ እገባለሁ። አባቴ «ጌታ በጊዜው ይከፍተዋል» ይላል፤ እኔም «አሜን» እላለሁ። የትምህርቱ መመዝገቢያ ጊዜ እየተገባደደ ነበር።

ከአጥራችን ማዶ ሚስተር ያን የሚባል የውኃ ጉድጓድ የሚያስቆፍር የሆላንድ መሐንዲስ ተከራይቶ ይኖራል። አብዛኛውን ጊዜ ክፍለ ሀገር ነው። ዊም ልጁ ነው። ዕድሜው ሃያ ገደማ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጆሮዎቹ በፀሐይ ተመትተው ሁልጊዜ ቀይ። በአገሩ በወጣቶች የቼዝ ውድድር ስም ያተረፈ ልጅ ነበር። አስም ደረቱን እያፈነው ውድድሩን አቋርጦ፣ «የደጋ አየር ይሻልሃል» ተብሎ አባቱ ዘንድ መጣ። እኔ አማርኛ አስተምረዋለሁ፤ እሱ ቼዝ ያስተምረኛል። እንግሊዝኛውንም አማርኛውንም ቀላቅለን ነበር የምናወራው፤ እዚህ ሁሉንም ወደ አማርኛ መልሼዋለሁ።

ዊም ከእጁ የማይለየው አንድ ነገር ነበረው። የእንጨት ሳጥን ውስጥ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ሰዓቶች። አንዱ ያንተ ነው፣ አንዱ የተጋጣሚህ። ተራህ ሲሆን ያንተ ይሄዳል፤ ተጫውተህ ከላይ ያለችውን ቁልፍ ስትጫን ያንተ ይቆምና የሌላው ይጀምራል። ጊዜህ ሊያልቅ ሲል አንዲት ቀይ ቀጭን ብረት ቀስ እያለች ትነሣለች፤ ያለቀ ጊዜ ዱብ ትላለች። ባንዲራ ነው የሚላት። «ባንዲራው ከወደቀ ንጉሥሽ ደህና ቢሆንም ተሸንፈሻል» ይለኝ ነበር። ብቻውን ሆኖ ሲያስብ እንኳ አንዱን ወገን ያስኬደዋል። ቀጭ ቀጭ የሚለው ድምፅ ከሌለ ጭንቅላቱ አይሠራም።

እንጦጦ ማርያም አካባቢ ደግሞ ግራዝማች ይመኑ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ማዕረጉ ያን ጊዜ ስለሚያስጠይቅ ሰው ፊት «አቶ ይመኑ» እንላቸዋለን፤ ለብቻቸው ሲሆኑ ግን ግራዝማች ካላሏቸው ዞር ብለው አያዩም። ገብስና ድንች ያመርታሉ፤ ድንች የምንገዛው ከእሳቸው ነው። የድሮውን የአገራችንን ቼዝ፣ ሰንጠረዥን፣ አሳምረው ከሚጫወቱት ከቀሩት ጥቂት ሰዎችም አንዱ ነበሩ። ዊም ይህን ከእኔ ከሰማ ወዲያ ዕረፍት አሳጣኝ። «መቼ ነው የምንወጣው? ዛሬ? ነገስ?» ሲል ሲል መልእክት ላክሁባቸው። መልሳቸው አጭር ነበር፤ «ይምጣ። ያ ሰዓት የሚባለው ነገር ግን አብሮት እንዳይመጣ። እኔ የምጫወተው ከሰው ጋር ነው።»

ያን እሁድ ጠዋት ዊም ቦርሳውን አንግቶ በረንዳው ላይ ሲጠብቀኝ አገኘሁት። ቦርሳው ውስጥ ቀጭ ቀጭ ይሰማል።

«ሰዓቱን አታምጣ ብለዋል እኮ» አልኩት።

«ያለ ሰዓት ምን ዓይነት ጨዋታ ነው?»

«የእሳቸው ቤት ነው። እሳቸው ያሉት ነው የሚሆነው።»

ጆሮዎቹ ከወትሮው የበለጠ ቀሉ። ሰዓቱን አውጥቶ ማስቀመጥ ሲገባው፣ ተናዶ ቦርሳውን እንዳለ በረንዳው ወንበር ላይ ወረወረው። ሰዓቱን እንኳ አላቆመውም። ከሰዓቱ ጋር ደግሞ ሲታፈን ወደ አፉ የሚነፋት ትንሿ መድኃኒት ነበረች። እሱም አላሰባትም፤ እኔም አላሰብኳትም። የቤት ሠራተኛቸው እትዬ ብርቄ «መልካም መንገድ» ብለው በሩን ዘጉልን።

ዳገቱን ቀስ እያልን ወጣን፤ ደህና ነበር። እንዲያውም «እዚህ አየሩ ሳል አያውቅም» እያለ ይቀልድ ነበር። ግራዝማች ደጃፋቸው ላይ ነጠላቸውን አጣፍተው ጠበቁን። ዊም እኔ ለሳምንት ያስጠናሁትን ሁሉ ረስቶ «ደህና ነህ ወይ?» አላቸው። እኔ በእፍረት መሬት ልገባ ደረስኩ።

«ዊም! እርስዎ ነው የሚባለው!»

«ተዪው ልጄ» አሉ ግራዝማች። «እኔም እግዜርን አንተ ነው የምለው፤ አንድ ቀን አልተቆጣኝም።»

ቤት ገባን። ከገብስ መውቂያው የተረፈ ገለባ ጥጉን ሞልቶታል። መደብ ላይ ጥቁር ጥለት የተሰፋበት ቀይ ጨርቅ ተነጥፏል፤ ሰንጠረዡ እሱ ነው። ከቀንድ የተቀረጹት መጫወቻዎች ከብዙ እጅ የተነሣ ተወልውለዋል። ሁለት ጎረቤቶች ለማየት መጥተው ተቀምጠዋል። ንጉሡን ንጉሥ ብሎ መጥራት በዚያ ዘመን ስለማይመች «ትልቁ ሰውዬ» ነው የሚሉት።

«ጀምር» አሉ ግራዝማች።

ዊም አንድ ወታደር ወደፊት ገፋና እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ መልሳቸውን ጠበቀ። እሳቸው አንድ ወታደር አነሡ። ቀጥለው ሌላ አነሡ። ከዚያ ፈረሳቸውን፣ እንደገና ወታደር። እጃቸው አልቆመም።

«አስቴር፣ ተራዬን እየወሰዱብኝ ነው!»

ተረጎምኩላቸው። ጎረቤቶቹ በሳቅ ፈነዱ።

«ምን ተራ?» አሉ ግራዝማች። «ገና ምንም ሳይበላ? ንገሪው ልጄ። መጀመሪያ ወረራ ነው። አንዱ የሌላውን እስኪበላ ድረስ ሁለታችንም እንደፈለግን፣ በአንድ ጊዜ፣ እንደ ፍጥነታችን እንሄዳለን። የመጀመሪያው ሲበላ ነው ተራ የሚጀመረው። የሚጠብቅ ሰው ወረራውን ለሌላው ሰጠ ማለት ነው።»

ዊም እጁን ከጭኑ ላይ አነሣ። ሕይወቱን ሙሉ ቁልፍ ተጭኖ ተራ ሲጠብቅ የኖረ ልጅ ነው። የመጀመሪያውን ጨዋታ ክፉኛ ተሸነፈ። እንደዚያ ሲሸነፍ ግን ደስ ያለው ሰው አይቼ አላውቅም። «እንደገና» አለ፤ እጅጌውን ሰበሰበ።

ሁለተኛው ጨዋታ ጦርነት ነበር። አራት እጅ ቀዩ ጨርቅ ላይ ይራወጣል፤ ጎረቤቶቹ «ፈረሱን! ፈረሱን በለው!» እያሉ ይጮኻሉ፤ ዊም ይስቃል፣ ይነሣል፣ ይቀመጣል። ገለባው ይቦናል። ያኔ ነው ከደረቱ የፉጨት ዓይነት ድምፅ የሰማሁት።

አሁን ልብ በሉ። ዊም መታፈኑን አውቋል፤ ግን በእሱ አገር ሥርዓት ጨዋታ ሳያልቅ ከሰሌዳ አይነሣም። ግራዝማች ፊቱ መለወጡን አይተዋል፤ ግን እንግዳን «በቃህ ተነሥ» ማለት ለባለቤት ነውር ነው። እኔ ሁለቱንም አይቻለሁ፤ ግን ሽማግሌ የያዙትን ጨዋታ አቋርጡ የምል እኔ ማን ነኝ? ሦስት ጨዋ ሰዎች ተያይተን ተቀመጥን። ጨዋነታችን ሊገድለው ነበር።

ጨርቁን ያነሣው ዊም ራሱ ነው፤ ግን አስቦበት አይደለም። ወደፊት ሲደፋ እጁ ያዘው፤ መጫወቻው ሁሉ ተበታተነ። ኪሶቹን ዳሰሰ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። ያን አስተያየት እስከ ዛሬ አልረሳውም።

«ቦርሳው» አለ። ሌላ ቃል አልወጣውም።

ግራዝማች ሁለት የባሕር ዛፍ አጣና አስመጥተው ጋቢያቸውን አሰሩበትና ቃሬዛ ሠሩ። እሳቸውና ጎረቤቶቹ ተሸክመውት መውረድ ጀመርን። ዳገት የሚከብደው ለወጣ እንጂ ለወረደ አይደለም ብላችሁ አታስቡ፤ እግር ይንሸራተታል፣ ሰው ይቸኩላል፣ ቃሬዛው ይዘማል። መንገድ ላይ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች አገኙን። ማንም አልለመናቸውም። ሸክማቸውን መንገድ ዳር ጥለው «አምጡ» አሉና አጣናውን ከሽማግሌዎቹ ትከሻ ላይ ወሰዱ። ከዚያ ወዲያ የሮጥን ያህል ነው የወረድነው። የዊም ከንፈር እየጠቆረ ነበር። በየመታጠፊያው ጎንበስ ብዬ ትንፋሹን አዳምጣለሁ፤ እየቀጠነ ነው።

ከተራራው ሥር መንገዱ በገመድ ተዘግቶ አገኘነው። እኛ ከወጣን በኋላ የቤት ለቤት አሰሳ ተጀምሮ፣ ከሰፈር መውጣትም ወደ ሰፈር መግባትም ተከልክሏል። ጠመንጃ የያዘ የአብዮት ጥበቃ ጓድ ገመዱ ላይ ቆሟል። ከገመዱ ወዲህ እንዳያልፍ የተከለከለ ሰው መሬት ላይ ተደርድሯል።

«ጓድ፣ በሽተኛ ነው፤ ሊሞትብን ነው!» አልኩት።

«ትእዛዝ የለኝም እኅቴ።»

«መድኃኒቱ እኮ ቤቱ ነው፤ እዚህ ቀበና!»

«ሰው ልኬአለሁ፤ ቀበሌውን ጠይቆ ይመጣል። ተራችሁን ጠብቁ።»

ክፉ ልጅ አልነበረም። ፈርቶ ነበር፤ ያን ጊዜ ጠመንጃ የያዘውም ይፈራ ነበር። ዊምን ባሕር ዛፍ ጥላ ሥር አስቀመጡት። እኔስ ምን አደረግሁ? ተቀመጥኩ። ተራሽን ጠብቂ ሲሉኝ የምቀመጥ ልጅ ነበርኩና መሬት ላይ ዱብ አልኩ። ቀሚሴን እግሬ ላይ አስተካከልኩ። የተላከው ሰው የሚመጣበትን መንገድ እያየሁ መጸለይ ጀመርኩ።

ግራዝማች መጥተው አጠገቤ ቁጢጥ አሉ። ትንፋሻቸው ገና አልተመለሰም።

«ልጄ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?»

«ይፈቀድልን ብዬ ነው አባባ።»

ገመዱን አዩ፣ ዊምን አዩ፣ ከመንገዱ በስተግራ ወደ ወንዙ የሚወርደውን ገደል አዩ።

«ገና ምንም አልተበላም» አሉኝ ቀስ ብለው። «ተራ የለም።»

እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም። ጫማዬን አውልቄ እንደያዝኩ አስታውሳለሁ። ቁጥቋጦውን ይዤ ገደሉን ተንሸራተትኩ፤ ቀሚሴ ተቀደደ፤ ቀበና ወንዝ ውስጥ ገባሁ። ከላይ ጭር ብሏል፤ ከሩቅ ብቻ የውሻ ጩኸትና የሚደበደብ በር ይሰማል። ፈራሁ። እንዲህ ሳይፈቀድለት ሲሄድ የተያዘ ሰው ምን እንደሚሆን በሰፈራችን የማያውቅ አልነበረም። የአባቴ ነገር፣ የታሸገችው ጸሎት ቤት፣ ደብዳቤዬ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ጭንቅላቴ ውስጥ ጮኹ። እግሬ ግን እየሄደ ነው። እኔ ስፈራ እሱ ይሄዳል። ከድንጋይ ወደ ድንጋይ እየዘለልኩ በሚስተር ያን ቤት ጓሮ በኩል ወጣሁ።

የጓሮውን አጥር ሾልኬ ስገባ ያየሁትን መጀመሪያ ማመን አልቻልኩም። ግቢው ውስጥ አሳሾቹ በሙሉ መሬት ላይ ተኝተዋል። አንዳንዱ ከግንቡ ኋላ፣ አንዳንዱ ከውኃ በርሜሉ ኋላ። ጓድ መርሻ ራሱ የእትዬ ብርቄ ጎመን መደብ ውስጥ በደረቱ ተኝቶ ሽጉጡን ወደ በረንዳው ደግኗል። እትዬ ብርቄ ከአጥሩ ሥር ተቀምጠው «ጎመኔን ፈጁት» እያሉ ያለቅሳሉ። በረንዳው ላይ ማንም የለም። ወንበሩ ላይ የዊም ቦርሳ ብቻውን ቁጭ ብሎ ቀጭ ቀጭ ይላል።

«ተኚ!» አለኝ ጓድ መርሻ። «ቦምብ ነው!»

«ቦምብ አይደለም ጓድ። ሰዓት ነው።»

«ውሸታም! ከፍተን ተመልክተነዋል። ሁለት ፊት አለው!»

«የቼዝ ሰዓት ነው። አንዱ የእርስዎ ነው፣ አንዱ የተጋጣሚዎ...»

«የእኔ?» ድምፁ ቀጠነ። «የእኔ ሰዓት እዚያ ውስጥ ምን ይሠራል?»

ዛሬ ስናገረው ያስቃል። ያን ጊዜ የሳቀ የለም። በከተማው ውስጥ ሰው በየቀኑ የሚገደልበት ወቅት ነበር፤ ቀይዋ ብረት ስትነሣ ማየታቸው ደግሞ ይበልጥ አስደንግጧቸዋል። ጓድ መርሻ ባለሙያ እንዲላክ ሰው መላኩን፣ ባለሙያው እስኪመጣ ማንም ንቅንቅ እንደማይል ነገረኝ። ገመዱ ላይ ያለው ልጅ የላከው መልእክተኛም እዚያው ከበርሜሉ ኋላ ተኝቷል። እኛ ተራራ ሥር የምንጠብቀው እሱን ነበር!

«ጓድ መርሻ፣ የዚህ ቤት ልጅ መንገድ ላይ እየሞተ ነው። መድኃኒቱ እዚያ ቦርሳ ውስጥ ነው።»

«ባለሙያ ይመጣል አልኩሽ። ጠብቂ!»

ያቺ ቃል ናት። ያን ሁሉ ወር አግዳሚው ላይ ያስቀመጠችኝ ቃል። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቃሏ ከጆሮዬ አልፋ ሆዴ ውስጥ ሳትገባ ወደቀች። ወደ በረንዳው መራመድ ጀመርኩ።

«አትንኪው! እተኩሳለሁ!»

ሽጉጡ ሲቀባበል ሰማሁ። ጀርባዬ ላይ አንድ ቦታ፣ ትከሻና ትከሻዬ መካከል፣ ቆዳዬ ብቻውን ሲሸማቀቅ ተሰማኝ። አልቆምኩም። ብቆም እንደምቀመጥ አውቄዋለሁ። ደረጃውን ወጣሁ፣ ቦርሳውን ከፈትኩ፣ ሰዓቱን በሁለት እጄ አነሣሁት። ቀይዋ ብረት ከፍ ብላ ልትወድቅ ደርሳለች። ዊም እንዳሳየኝ ቁልፎቹን መካከል ላይ አቆምኳቸው።

ጸጥ አለ።

ዞር ብዬ ለሁሉም እንዲታይ ከፍ አድርጌ ያዝኩት። መጀመሪያ የተነሣው መልእክተኛው ነው፤ ከዚያ ሌሎቹ አቧራቸውን እያራገፉ። ጓድ መርሻ ከጎመኑ ውስጥ ተነሣ። ደረቱ ላይ ጭቃ፣ ኮሌታው ላይ የጎመን ቅጠል። ከኋላ አንድ ሰው ፍርፍር ብሎ ሳቀና ወዲያው አፉን ያዘ። ያቺ ሳቅ ከሽጉጡ በላይ አስፈራችኝ። የተሳቀበት ሹም ምን እንደሚያደርግ አይታወቅም።

«ማንም ያላየው ዕቃ ነው ጓድ» አልኩት ቶሎ ብዬ። «እኔም መጀመሪያ የሰማሁት ቀን ከወንበሬ ዘልያለሁ።» ይሄ ውሸት ነበር፤ እኔ ያን ጊዜ ከወንበር አልዘልም። ከዚያ ግን አፌ ከእኔ ቀድሞ ሄደ። «በር ላይ ያቆማችሁት ላንድሮቨር ይነሣልን። መድኃኒቱን ይዘን ወደ ተራራው ነው የምንሄደው። አሁን።»

አየኝ። እኔን፣ የአገልጋዩን ልጅ፣ አግዳሚው ላይ የምትቀመጠውን፣ ያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴን ያየው። ሰዓቱን ከእጄ ተቀብሎ «ሾፌር!» ብሎ ጮኸና አብሮኝ ተሳፈረ።

ገመዱ ጋ ስንደርስ ሴቶቹ ዊምን ከበው በነጠላቸው ያራግቡለት ነበር። ዓይኖቹ ተከድነዋል። ግራዝማች ጭንቅላቱን ደረታቸው ላይ አስደግፈው ይዘውታል። መድኃኒቷን አፉ ውስጥ አስገብቼ ነፋሁለት። ምንም። ደግሜ ነፋሁ። «ሳብ! ዊም፣ ሳብ!» እያልኩ እጮሃለሁ፤ ማልቀሴን የነገሩኝ በኋላ ነው። ሦስተኛው ላይ ደረቱ ውስጥ የሆነ ነገር ተከፈተ። አየር ሲገባ ሰማሁት። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። አንዷ ሴት እልል አለች፤ ገመዱ ላይ ያለው ልጅ ጠመንጃውን ዛፍ ላይ አስደግፎ ፊቱን ጠረገ።

ብዙ ከቆየ በኋላ ዊም ዓይኑን ገልጦ ጓድ መርሻ እጅ ላይ ያለውን ሰዓት አየ።

«የማን ወገን ነበር የሚሄደው?» አለኝ።

«ያንተ።»

«ባንዲራው ወድቋል?»

«አልወደቀም።»

ፈገግ አለና መልሶ ዓይኑን ጨፈነ። ጓድ መርሻ ሰዓቱን እያገላበጠ «ምን አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። ስተረጉምለት ሰዓቱን መልሶ ሰጠኝ። ሐኪም ቤት አድርሰውን ስንለያይ፣ «ነገ ጠዋት ደብዳቤዬን ልወስድ እመጣለሁ» አልኩት። ይሰጠኝ እንደሆነ አልጠየቅኩትም። በማግስቱ ሄድኩ፤ አግዳሚው ላይ አልተቀመጥኩም። ተፈርሞ ተሰጠኝ።

ይህን ሁሉ ለአባቴ ነገርኩት። «እኔ ጌታ ይከፍታል አልኩሽ እንጂ በሩን አትግፊ መች አልኩሽ?» አለኝ። እስከ ዛሬ ያስቀይመኛልም ያስቀኛልም።

ዊም ክረምቱ ሳይወጣ ወደ አገሩ ተመለሰ። ከመሄዱ በፊት ግራዝማች ወደ ቀበና ወርደው ያን የተበተነ ጨዋታ እንደገና ተጫወቱ፤ ማን እንዳሸነፈ ሁለቱም አይናገሩም። ዊም ሰዓቱን ለእኔ ተወልኝ። ሃያ አምስት ዓመት ሳይሞላው በዚያው በሽታ በአገሩ መሞቱን ሚስተር ያን ነገረን። ያን ጊዜ ነርስ ሆኜ የሳንባ ሕሙማን ክፍል እሠራ ነበር። አለቀስኩ፤ ከማልቀሴ በላይ ግን ተናደድኩ። እዚህ ያዳንኩት ልጅ እኔ በሌለሁበት ሞተ ብዬ ተናደድኩ። እንዲህ ያለ ቁጣ ትርጉም እንደሌለው አውቃለሁ፤ ግን ነበረኝ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ተራ አትጠብቁ ብዬ እየመከርኳችሁ እንዳይመስላችሁ። ዕድሜዬን ሙሉ በሽተኛ ሰልፍ ሳስይዝ የኖርኩ ሴት ነኝ። ተራ የሚያስፈልገው ደካማው እንዳይረገጥ ነው። ግን ተራ ያልተጀመረበት ቦታ ላይ «ጠብቂ» የሚላችሁ አለ፤ ብዙ ጊዜም እሱ ራሱ ጎመን ውስጥ ተኝቶ ሌላ ሰው እየጠበቀ ነው። ስትቀመጡ ይህን አስቡ። እኔ ካሰብኩት ወዲህ መቀመጥ አቅቶኛል፤ ዋጋውም እሱ ነው። ባሌ እንኳ ከእኔ ጋር ምሳ መብላት ሩጫ ነው ይላል።

ደርግ ከወደቀ ከብዙ ዓመት በኋላ የዊም እኅት ኤልስ ቀበና መጣች። ፀጉሯ ሸብቷል፤ ጆሮዎቿ ግን የወንድሟ ናቸው፣ ቀያይ። ዊም እስኪሞት ድረስ በከተማው የቼዝ ክበብ ልጆች ያስተምር እንደነበር ነገረችኝ። በተወለደበት ቀን በየዓመቱ ክበቡ ውስጥ አንድ ዙር በተለየ ሥርዓት ይጫወታሉ። ሰዓቶቹ ሁሉ ይቆማሉ። አዳራሹ ሙሉ ሰው በአንድ ጊዜ፣ በሁለት እጁ፣ ተራ ሳይጠብቅ መጫወቻውን ያነሣል። የመጀመሪያው ሲበላ ብቻ አንዱ ቁልፉን ይጫናል።

«ምን እንደሚሉት ታውቂያለሽ?» አለችኝ። «እንጦጦ። እንጦጦ እንጫወት ይላሉ። አዲሶቹ ልጆች የሰው ስም ይመስላቸዋል።»

ግራዝማች ይህን ሳይሰሙ ማረፋቸው ቆጨኝ። ሰዓቱን ከቁም ሣጥን አውጥቼ ፊቷ አስቀመጥኩት። «የእናንተ ነው፣ ውሰጂው» አልኳት። ዳሰሰችውና መልሳ ወደ እኔ ገፋችው። ከቦርሳዋ የዊምን ሰሌዳ አወጣች። ሰዓቱን ሳናስኬድ መጫወቻዎቹን ደረደርን፤ ተያየን፤ ከዚያ ሁለታችንም እጃችንን ሰደድን። ከሄደች ወዲህ በስልክ እንነጋገራለን። እሷ አንቺ ነሽ ቀድመሽ ያነሣሽው ትለኛለች፤ እኔ እሷ ናት እላለሁ።